የቡችላውን እናት ካላሳያችሁ ሰው ካንጋል እንዳትገዙ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ካንጋል ልገዛ ነው፤ ቀብድ ከፍያለሁ» ብሎ የዚህን የመንጋ ጠባቂ ውሻ ዘር ማስታወቂያ በቪዲዮ ላከልኝ። ሳየው ደሜ ፈላ። እኔ የተሸወድኩበት ማስታወቂያ ቃል በቃል እሱ ነው፦ «ንጹህ ካንጋል፣ ሲያድግ መቶ ኪሎ የሚገባ፣ ሰው የማያስጠጋ!» ሌላ ሰው እንዳይበላ ብዬ ነው የምጽፈው። በውሻው ሳይሆን በሻጩ።

መቶ ኪሎው ውሸት ነው። ካንጋል ስሙን ያገኘው ቱርክ ውስጥ ሲቫስ ግዛት ካለችው ካንጋል ወረዳ ነው። ወንዱ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 65 ኪሎ ቢመዝን ነው። ሥራው ቀኑን ሙሉ ከበጎች ጋር መዋል ነውና ድልብ ውሻ ለእረኛ ምንም አያደርግለትም። ፊቱ የጠቆረ፣ ጅራቱ የተጠቀለለ ሁሉም ካንጋል አይደለም።

እኔ ቡችላዬን የተረከብኩት በካርቶን፣ ከመኪና መስኮት ነው። «ሁለት ወር ሞልቶታል፣ ተከትቧል» ተባልኩ። የእንስሳት ሐኪሟ አፉን ከፍታ ጥርሱን አየችና «ይሄ አምስት ሳምንት ቢሆነው ነው» አለችኝ። ከዚያ የክትባት ደብተሩን ገለጠች። ማህተም አለው፤ የክትባቱ ስቲከር ግን የለም። ቀኑን ወደ ኋላ ብንቆጥር ቡችላው የተከተበው ከመወለዱ በፊት ሆኖ ተገኘ! እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ?

ቡችላ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር መቆየት አለበት። ሲነክስ የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚማረው እዚያ ነው። የእኔው ይህን ሳይማር መጣ፤ እጄ ለወራት በጭረት የተሞላ ነበር።

የባሰው ካልሲየሙ ነው። ሻጩ «አጥንቱ እንዲወፍር» ብሎ አንድ ብልቃጥ በተጨማሪ ሸጠልኝ። የትልልቅ ዝርያ ቡችሎች ሰውነት ከመጠን ያለፈ ካልሲየም በደንብ መቆጣጠር አይችልም፤ አጥንትና መገጣጠሚያቸው ይበላሻል። እኔ ይህን መቼ አውቄ! በአምስተኛ ወሩ የፊት እግሮቹ ወደ ውጭ ተቆለመሙ። እንዲህ ያለ ቡችላ ለትልልቅ ዝርያ የተዘጋጀ ምግብ በልቶ ቀስ ብሎ ነው ማደግ ያለበት። ጎኑን ስትዳስሱ የጎድን አጥንቱ ሊሰማችሁ ይገባል። ወፍራም ቡችላ ያምራል፤ ዳሌው ግን ይከፍላል። በነገራችን ላይ የወላጆቹን የዳሌ ኤክስሬይ ጠይቁ። እኔ ስጠይቅ «ጤነኛ ውሻ ምን ኤክስሬይ ያስፈልገዋል?» ነበር መልሱ።

«ሰው የማያስጠጋ» የምትለዋ ነገርም አታጓጓችሁ። ጥሩ የመንጋ ጠባቂ ረጋ ያለ ነው። ይጮሃል፣ በመንጋውና በአውሬው መካከል ይቆማል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያ ይበቃል። ናሚቢያ ውስጥ የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የዚህ ዘር ውሾችን ለከብት አርቢዎች ይሰጣል። ውሻው አቦሸማኔውን ካራቀው አርቢው ጠመንጃ አያነሳም። ውሾቹ የሚሰጡት አቦሸማኔው እንዲተርፍ ጭምር ነው።

ሻጭ የማይነግራችሁ ሌላም አለ። ይህ ውሻ ሌሊት ይጮሃል፤ ሥራው ነው። ስትጠሩት ቆም ብሎ አስቦ፣ ካመነበት ይመጣል። እረኛ ሳይኖር ራሱ እንዲወስን ሆኖ የተራባ ዘር ነውና አትፍረዱበት። በሰንሰለት ታስሮ ከዋለ ደግሞ ባሕሪው ይበላሻል። መንጋ ወይም ሰፊ ግቢ ከሌላችሁ ሌላ ዘር ፈልጉ።

እናቲቱን ግቢዋ ድረስ ሄዳችሁ እዩ። እንግዳ ሲገባ ምን ታደርጋለች? ባለቤቷ «በቃ» ሲላት ትረጋጋለች? የልጇን ነገር ከማንም ወረቀት በላይ የምትነግራችሁ እሷ ናት።

ወዳጄ ለሻጩ ደውሎ «እናቱን ላያት እፈልጋለሁ» አለው። «ሌላ ከተማ ናት» ተባለ። «እሄዳለሁ፣ አድራሻውን ስጠኝ» ሲል ስልኩ ተዘጋ። ማታ ቢደውል ብሎክ ተደርጓል። ቀብዱም በዚያው ቀረ።