ጥሩ ቆሮሶ፣ ያልተገባ «ፋዘር»

ባለፈው እሑድ ከመራዊ የመጡትን አጎቴን ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካሉት ዓሣ ቤቶች በአንደኛው ምሳ ጋብዤ ነበር። የቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ቅሬታዬ በአንድ አጠራር ላይ ስለሆነና አጠራሩም በዚህ ቤት ብቻ የሚሰማ ስላልሆነ ነው።

ስለ ምግቡ የምለው አጭር ነው። ቆሮሶው ሙሉውን፣ ጎንና ጎኑ በቢላ ተበጥቶ ተጠብሶ ቀረበ፤ ቆዳው ኩርሽም ይላል፣ ሥጋው ሳይታገል ከአጥንቱ ይለቃል፣ ዳጣውና ሎሚውም አልተሰሰቱም። ጉላሹ ግን ዘይት በዝቶበታል።

መስተንግዶው ላይ ስደርስ ነገሩ ይለያል። ገና ወንበር ስበን ሳንቀመጥ፣ ከሃያ ዓመት ብዙም የማያልፍ አስተናጋጅ ወደ አጎቴ ዞሮ «ፋዘር፣ ምን ይምጣልህ?» አላቸው። አጎቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ኋላቸው ተመለከቱ፤ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ነበር።

«ፋዘር» በራሱ ስድብ አይደለም፤ የከተማው ወጣት ሽማግሌን በፍቅርም ይጠራበታል። ያስቀየመው ከኋላው የተከተለችው «ህ» ናት። ልጁ «ይምጣልዎ» ብሎ ቢሆን ኖሮ አጎቴ «ፋዘር»ን ስቀው ያልፉት ነበር። እርስዎ ልበል ወይስ አንተ ብሎ የሚያመነታ አስተናጋጅ ደግሞ «ምን ይታዘዝ?» ብሎ ሁለቱንም ማለፍ ይችላል፤ ቋንቋችን ይህን መውጫ አዘጋጅቶለታል።

አስተናጋጆቹ እርስ በርሳቸው «ጀለስ» ይባባላሉ፤ አንዱ ወንድ ሌላውን ወንድ «አንቺ፣ ሒሳብ ተቀበዪ!» ሲለው ሁለቱም ይሥቃሉ። ይህ የእነርሱ ጨዋታ ነው፤ እኔ ልሞክረው ብል ሣቁ ወዲያው ይቆማል። አጎቴም «እኛ ባላገሮች» ሲሉ በኩራት ነው፤ ቃሉን ከተሜ አፍ ላይ ሲሰሙት ግን ፊታቸው ይጠቁራል። ደንበኛውም ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም፤ አጠገባችን የነበረ ጎልማሳ አስተናጋጁን በጭብጨባ እየጠራ «ጀለስ፣ ድገመን» ሲለው፣ ልጁ ቢራውን ያስቀመጠው ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ነበር። በዚያች ቅጽበት ከልጁ ጋር ወገንኩ።

አስተናጋጁን ለብቻው ጠርቼ ነገሩን ዝግ ባለ ድምፅ ነገርኩት። ሳይከራከር ተመልሶ «ይቅርታ ጋሼ፣ ምን ይጨመርልዎ?» አላቸው። አስተናጋጅ ሲቀጥር ሳህን አያያዝን የሚያሳይ የቤቱ ባለቤት፣ ይህን ቀድሞ ቢያሳየው ኖሮ እንግዳ ባላስተማረው ነበር።

ቡና የምታፈላው ሴት ግን ማንም ሳይነግራት፣ ስኒውን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ ብላ «አባቴ፣ ስኳር ላድርግልዎ?» አለቻቸው። ትርጉሙን ካየነው «አባቴ»ም «ፋዘር»ም አንድ ነው። አቦሉን ጠጥተው እንሂድ ሊሉ የነበሩት አጎቴ ግን፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው እስከ በረካ ተቀመጡ።