የወንድሜን ድምፅ ለመለሱልኝ ጋሼ

ድሬዎች፣ ቤታችሁ የድሮ የቪዲዮ ካሴት ካለ ይህችን አንብቡልኝ።

በ1996 ጥር ላይ ታላቅ ወንድሜና ጓደኞቹ ደቻቱ ወንዝ ዳር ባለው ግቢያችን የፊልም ምሽት ጀመሩ። ራሳቸው የቀረጿቸውን አጫጭር ፊልሞች በተዋሱት ፕሮጀክተር ያሳያሉ። ስክሪኑ የእናቴ ነጭ አንሶላ ነበር። ከመጋላም ከሳቢያንም ሰው ይመጣል። «ፌስቲቫላችን» ነበር የሚሉት። ሦስት ጥር ተካሄደ። ሐምሌ 1998 ደቻቱ ሞላ። ያንን ሌሊት ለድሬ ሰው አልነግርም፤ ከ200 በላይ ነፍስ ነው የበላው። ፌስቲቫሉም በዚያው ቀረ። ከጭቃ ያወጣናቸው ሰባት ካሴቶች ብቻ ተረፉ።

ወንድሜ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። እናቴ ድምፁን ልስማ አለች።

ያላየሁት ፍዳ የለም። አንዱ ቤት ሦስት ወር «ነገ ነይ» ሲለኝ ከርሞ አንዱን ካሴት ክሩ ተበጥሶ መለሰልኝ። ሒሳቡን ግን አልተወም። አዲስ አበባ የላክሁበት ደግሞ ቀብድ ተቀብሎ ፍላሽ ሰደደልኝ። እናቴን አስቀምጬ ስከፍተው የማላውቃቸው ሰዎች ሰርግ ነው። ስደውል ስልኩ ተዘጋ። የእናቴን ፊት ያን ቀን ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

በመጨረሻ ሰው ከዚራ ሰፈር ያለች ቤት ጠቆመኝ። ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም የማትርቅ ጠባብ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ጥገና ቤት ናት። ጋሼ ካሴቶቹን አገላብጠው አዩና ስለ ብር አላነሱም። «ማን አለበት ልጄ?» አሉኝ። ወንድሜ አልኳቸው። «እንግዲያው በቀስታ ነው የምንሠራው» አሉ።

ምን እንዳደረጉ አልገባኝም። ፈቱት፣ በጥጥ ጠረጉት፣ አደረቁት። ሁለቱ እንደማይድኑ በግልጽ ነገሩኝ፤ ለእነሱ ሳንቲም አልተቀበሉም።

አንድ ቀን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። «ይህን ስሚ» ብለው ስልኩን ወደ ድምፁ አስጠጉት። ወንድሜ ነው። «ጎበዝ! ወንበር ያጣ ድንጋይ ይፈልግ፣ ልንጀምር ነው!» ይላል። ቀጥሎ ያው የዘወትር ወሬው መጣ፦ የዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ1969 መጀመሩን፣ እኛም ከግቢያችን ብንጀምር ነውር እንደሌለው። እ.ኤ.አ. በ2009 የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እዚያው ታላቁን ሽልማት ሲወስድ ወንድሜ እንደ ሕፃን ነበር ያለቀሰው። ስልኩን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼም አልዘጉትም፤ እስኪያልቅ አሰሙኝ።

በማግስቱ ለእናቴ ከፈትኩላት። ጠጋ ብላ የስክሪኑን ጥግ በጣቷ ነካች። ካውያ ያቃጠለው ቦታ ይታያል። «አንሶላዬ!» አለች። ከዚያ ልጇን አየችው።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ስሜን አትጻፊ ስላሉኝ አልጻፍኩም። እናንተ ግን ሂዱ። የሰርግ፣ የልደት፣ የሟች ካሴት ካላችሁ ለማንም አትስጡ፣ ለእሳቸው ስጡ። ከዚራ ገብታችሁ የካሴት ጋሼን ብትሉ የባጃጅ ልጆች ያደርሷችኋል። ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ለሙቀቱ ስለሚዘጉ ጠዋት ሂዱ።