«ወረቀቱን እኛ እንጨርሳለን» የሚሏችሁን ከመክፈላችሁ በፊት፦ ከባሕር ዳር ወደ ውጭ ለምትበሩ

ወገኖች፣ ይህ ምክር ወደ ውጭ የሚበር መንገደኛ የኮቪድ ምርመራ ወረቀት ይጠየቅ በነበረበት ጊዜ፣ በ2013 ዓ.ም. ገደማ፣ የተጻፈ ነው፤ እንደ ያኔው ይነበብ። ከመናኸሪያው እስከ ዓባይ ማዶ፣ በየቴሌግራም ግሩፑም ጭምር አንድ ዓይነት ማስታወቂያ እየዞረ ነው። «የኮቪድ ኔጋቲቭ፣ ቲኬት፣ የአዲስ አበባ ማረፊያ፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ። እናንተ ፓስፖርቱን ላኩ፣ ወረቀቱን እኛ እንጨርሳለን።» አትግዙት። ሻጩ ሁሉ ሌባ ነው ማለታችን አይደለም። ቅን ሰው ቢሸጥላችሁ እንኳ አሠራሩ ቦሌ ካውንተር ላይ የሚያስመልስ ነው። ምክንያቱን አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያ ግን ሰው ለምን ይገዛል? ገበያውን ለእነዚህ ደላሎች የከፈተላቸው መንግሥት ራሱ ነው። መጋቢት 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ከውጭ የሚገባ ሁሉ በራሱ ወጪ 14 ቀን ሆቴል ይቀመጥ ተባለ። መጋቢት 22 ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ጥሊሊ ለ14 ቀን ተዘጉ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲመጣ የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ ወንበር እንዲጭን ታዘዘ፣ በብዙ መስመር ታሪፉ አብሮ ወጣ፤ ወንበሩ ሲሞላ የድሮውን ዋጋ ማግኘት ግን ቀላል አልሆነም። ከዚያ ወደ አገር ለሚገባ መንገደኛ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ የፒሲአር ወረቀት (ቫይረሱን ከናሙና የሚለይ የላቦራቶሪ ምርመራ ውጤት) መጣ፣ በኋላ 120 ሰዓት ሆነ። እያንዳንዱ ለውጥ የጤና ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ በዚያ አንከራከርም። የሚያበሳጨው አነጋገሩ ነው። ደንቡ በዜና እወጃ ይነገራል፣ በደብዳቤ ይሻሻላል፣ ለሚገባው ነው ወይስ ለሚወጣው ብሎ ለይቶ የሚያስረዳ መስኮት ግን ባሕር ዳር ላይ የለም። ደላላው የቆመው እዚያ ክፍተት ላይ ነው።

ለምሳሌ «ወረቀቱ 5 ቀን ይሠራል» ይላችኋል። ውሸት አይደለም፣ ግን እናንተን አይመለከትም። 120 ሰዓቱ ወደ ኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው የወጣ ነበር። የምትወጡ ከሆነ የሚገዛችሁ የምትደርሱበት አገር ደንብ ነው፤ በመንገድ የምታርፉበት አገር ካለም የዚያኛው ይጨመርበታል። ብዙዎቹ ያኔ የሚጠይቁት 72 ሰዓት ነበር። ሰዓቱ ከየት እንደሚቆጠርም ይለያያል፤ አንዱ ናሙና ከተሰጠበት፣ ሌላው ውጤት ከወጣበት፣ አንዱ እስከ መነሻ፣ ሌላው እስከ መድረሻ ይቆጥራል። የአገሩን ደንብ በጽሑፍ ካላያችሁት ጥብቁን ያዙ፦ ናሙና ከሰጣችሁበት ደቂቃ ጀምራችሁ እስክትደርሱ ድረስ።

አሁን ስሌቱን ሥሩት። በረራችሁ ከቦሌ ዓርብ ከምሽቱ 4፡30 ነው እንበል፣ ደንቡም እስከ መነሻ የሚቆጥር ይሁን። ማክሰኞ ጠዋት 3፡00 የተወሰደ ናሙና ስትነሱ 85 ሰዓት ተኩል ይሞላዋል፤ ወድቋል። ረቡዕ ጠዋት 3፡00 የተወሰደው 61 ሰዓት ተኩል ይሆነዋል፣ 10 ሰዓት ተኩል ይተርፋችኋል። የባሕር ዳሩ ፓኬጅ ብዙውን ጊዜ ናሙናውን ሰኞ ወይም ማክሰኞ ያደርገዋል፤ ውጤቱ ደርሶ ሰውየው በአውቶብስ እንዲሄድ ጊዜ ስለሚፈልጉ ነው። ረቡዕ ቢያደርጉት ደግሞ ሌላ ገደል አለ። ውጤቱ ሐሙስ ከሰዓት ይወጣል ብንል እንኳ አውቶብሱ የሚነሳው ዓርብ ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ወደ 560 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ፣ መሐል ላይ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት አለ፣ ክረምት ከሆነ ዝናብና ጭጋግ። ቦሌ ደግሞ 3 ሰዓት ቀድማችሁ፣ ማለትም ከምሽቱ 1፡30 መገኘት አለባችሁ። አንድ ከባድ መኪና ዓባይ ላይ መንገድ ከዘጋ አለቀ።

የሚሻለው ማክሰኞ አዲስ አበባ ገብቶ ናሙናውን ረቡዕ ጠዋት እዚያው መስጠት ነው። ሦስት ሌሊት ማረፊያ ያስወጣል፣ እናውቃለን፤ ከተቃጠለ ቲኬት ግን ይረክሳል። ባሕር ዳር ላይ መመርመር ግድ ከሆነባችሁ ከበላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር ውጡ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ያንንም ከዓለም አቀፉ በረራ ጋር በአንድ ቲኬት ላይ አስቆርጡት። ለየብቻ ከተቆረጠ የአገር ውስጡ በአየር ጠባይ ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቃችሁም፣ ኪሳራውም የእናንተ ነው።

ስሌቱ ልክ ሆኖም ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ሰዓት ያበላሸዋል። ከካውንተሩ ጀርባ ያለው ሠራተኛ የሚያነበው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ጠዋት 3፡00 የሰጣችሁት ናሙና «3፡00» ተብሎ ከተመዘገበ እንደ ሌሊቱ 9 ሰዓት ይነበባል፤ ስድስት ሰዓት አረጀባችሁ፣ ያ 10 ሰዓት ተኩል ወደ 4 ሰዓት ተኩል ወረደ። ከምሽቱ 1፡00 የተሰጠ ናሙና «1፡00» ከተባለ ደግሞ 18 ሰዓት ይጨመርበታል። የልደት ዘመንም እንዲሁ ነው፤ ፓስፖርታችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ደላላው የቀበሌ መታወቂያ ይዞ በእኛ ዘመን ካስመዘገበ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ይመጣል። ስም ላይ አያትን መዝለል፣ «ፀሐይ»ን ፓስፖርቱ ላይ በሁለት የላቲን ፊደል የተጀመረውን በአንድ መጀመር፣ ይህ ሁሉ ያስመልሳል። ላቦራቶሪው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ጸሐፊው የሚጽፈው የተነገረውን ነው፣ የተናገረው ደግሞ ደላላው ነው። ራሳችሁ ብትቀርቡ ፓስፖርቱን ከፍታችሁ ፊደል በፊደል ታስገለብጣላችሁ፤ የፓስፖርት ቁጥሩም ወረቀቱ ላይ መኖር አለበት።

የምርመራው ዓይነት ሌላው ማጭበርበሪያ ነው። ከጣት ደም ተወስዶ የሚሠራው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ነው፤ ከዚህ በፊት መያዝ አለመያዛችሁን እንጂ ዛሬ ቫይረሱ መኖሩን አያሳይም። ከአፍንጫ ተወስዶ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የሚወጣው የአንቲጅን ነው። ፒሲአር ግን የቫይረሱን ዘረ መል ከናሙናው መለየትና በማሽን 40 ዙር ገደማ ማባዛት ይፈልጋል፤ ብዙ ላቦራቶሪ ደግሞ 96 ጉድጓድ ባለው ሰሌዳ አጠራቅሞ ስለሚሠራ ናሙናችሁ ተራ ይጠብቃል። ስለዚህ «ፒሲአር በ20 ደቂቃ» ያላችሁ ሰው ሌላ ነገር እየሸጠላችሁ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ላይ «አርቲ-ፒሲአር» የሚለው በግልጽ መጻፍ አለበት፤ «ራፒድ» (ፈጣን ምርመራ) ወይም «አይጂጂ፣ አይጂኤም» (የፀረ እንግዳ አካል ዓይነቶች) የሚል ካያችሁ ለዚህ ጉዳይ አይሆንም።

ቤት ድረስ መጥተን እንወስዳለን የሚሉም አሉ። ሽምብጥ ሰፈር ላይ በር አንኳኩቶ፣ በኪሱ ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት ይዞ የሚመጣ ሰው በረዶ ያለው ሣጥን ከሌለው አሰናብቱት። ናሙናው በማጓጓዣ ፈሳሽ ውስጥ ሆኖ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፣ እንዲያም ሆኖ ከ72 ሰዓት በላይ አይቆይም። በባሕር ዳር ሙቀት በአውቶብስ መጫኛ ላይ አዲስ አበባ የሄደ ናሙና ወይ «አይታወቅም» የሚል ውጤት ያመጣል፣ ወይ የማይታመን ኔጋቲቭ። ስማችሁና ሰዓቱ ደግሞ በከረጢቱ ላይ ሳይሆን በብልቃጡ ላይ፣ ዓይናችሁ እያየ ይጻፍ።

የአማራ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባሕር ዳር ላይ በፒሲአር እንደሚመረምር ሁሉም ያውቃል፣ ደላላውም ስሙን እየጠራ ያሳምናችኋል። ለሕመም መመርመርና ተቀባይነት ያለው የጉዞ ሰርተፊኬት ማውጣት ግን ሁለት ጉዳይ ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ለአየር መንገዱ ደውላችሁ «ወደ እገሌ አገር ስሄድ የየትኛውን ላቦራቶሪ ወረቀት ትቀበላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ ትቶ ዋጋ ብቻ የሚጠይቅ ሰው ነው የሚመለሰው።

ጭራሽ ናሙና የሌለበት ወረቀትስ? ይህ ብዙም ማብራሪያ አይፈልግም። ሐሰተኛ ሰነድ የሠራውም የተገለገለበትም በወንጀል ይጠየቃል፤ ካውንተር ላይ የምትገኙት እናንተ ናችሁ፣ ደላላው ባሕር ዳር ቡናውን ይጠጣል። ለመለየት ኪው አር ኮዱን በስልካችሁ ክፈቱ። ሁለት ነገር እዩ፦ የሚከፈተው አድራሻ የላቦራቶሪው የራሱ ነው ወይስ ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ገጽ? ገጹ ላይ የሚታየው ስም፣ የፓስፖርት ቁጥርና የናሙና ሰዓት ከወረቀቱ ጋር አንድ ነው? የሌላ ሰው ኮድ ገልብጦ መለጠፍ በጣም የተለመደ ነው፤ ስትከፍቱት የማታውቁት ሰው ስም ይወጣል። ፎቶ የሚከፍት ኮድም አይረባም።

ቲኬቱን በተመለከተ «ተይዟል» እና «ተቆርጧል» አንድ አይደሉም። ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው የቦታ ማስያዣ ኮድ ብቻ ከሰጧችሁ ገና ቲኬት የላችሁም፤ በቀጠሮው ካልተከፈለ ራሱ ይሰረዛል። የተቆረጠ ቲኬት 13 አሃዝ ቁጥር አለው፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ያን ቁጥር ሳታዩ ሙሉ ክፍያ አትፈጽሙ።

የማን ስም ላይ እንደተከፈለም ጠይቁ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከኢትዮጵያ ለሚመጣ መንገደኛ በሯን ስትዘጋ ቲኬት የያዘ ሁሉ ወደ ሻጩ ሮጠ። አየር መንገድ ገንዘብ ሲመልስ የሚመልሰው ቲኬቱን ለቆረጠው ወኪል ነው። የባሕር ዳሩ ደላላ ከአዲስ አበባ ወኪል፣ እሱም ከሌላ ከገዛ፣ ገንዘቡ ሦስት እጅ ወደ ኋላ ሄዶ ይቀመጣል፤ እናንተ የምታውቁት የመጨረሻውን እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ፓኬጁ ይበተን፦ የቲኬቱ ለብቻ፣ የምርመራው ለብቻ፣ የማረፊያው ለብቻ፣ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ። «አገሩ ቢዘጋ ወይም ፖዘቲቭ ብሆን ምን ያህል፣ በስንት ቀን ይመለሳል?» የሚለው ደግሞ በጽሑፍ። እሺ የማይል ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ለሥራ የምትሄዱ እህቶችና ወንድሞች ደግሞ ይህን ያዙ፦ በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛና የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ወጪ የአሠሪው ነው። ቲኬት ያለበትን ፓኬጅ ለእናንተ የሚሸጥ ሰው አሠሪው የከፈለውን ደግሞ ከእናንተ እየወሰደ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሕጋዊ ኤጀንሲ አይደለም።

ፖዘቲቭ ከመጣ «እናስተካክለዋለን» የሚል አይጠፋም። ብዙ አገር ያኔ ሲደርሱ ደግሞ ይመረምር ነበር፤ እዚያ ከተያዛችሁ የለይቶ ማቆያው ሒሳብ የእናንተ ነው። ከዳኑ በኋላ ለሳምንታት ፒሲአር ፖዘቲቭ ማሳየቱም የታወቀ ስለሆነ በማግሥቱ ደጋግሞ መመርመር ገንዘብ መጣል ነው። ከበረራው በፊት ደውላችሁ ቀኑን አስቀይሩ። ሳይደውሉ መቅረት ቅጣቱ የከፋ ነው፣ አንዳንዱ ቲኬት እስከ ጭራሹ ይቃጠላል።

ከፍላችሁ ከሆነ ዛሬውኑ የምታደርጉት ይህ ነው። ፓስፖርታችሁ ደላላው ጋ ካለ መጀመሪያ እሱን አስመልሱ፤ ለምርመራ ዋናውን የሚያስቀምጥበት ምክንያት የለውም። የላካችሁበትን የባንክ ማስተላለፊያ፣ የሒሳቡን ባለቤት ስምና የቴሌግራሙን ንግግር ፎቶ አንሡ፤ ከብሎክ በኋላ አይገኝም። ቀጥሎ የቲኬት ቁጥሩን ይዛችሁ ራሳችሁ አየር መንገዱ ቢሮ ሂዱና መቆረጡን፣ ስሙ ልክ መሆኑን፣ ተመላሽ የሚደረግ ዓይነት መሆኑን ጠይቁ። ቲኬቱ እውነተኛ ከሆነ እሱን ያዙት፣ ምርመራውን ግን የደላላውን ትታችሁ በራሳችሁ ስምና በራሳችሁ እግር አድርጉ። ቁጥሩ ከሌለ በማስረጃው ወደ ፖሊስና ወደ ከተማው ንግድ መምሪያ ሂዱ፤ ከበረራው ቀን በፊት ከሄዳችሁ ሰውየው ገና ስልኩን ያነሳል።