ዘጠኝ ወር ከቴስታታ ሙቀት መለኪያ ጋር፦ የካርማን ጊያዬ ሞተር ለምን ይግል ነበር?

ካርማን ጊያ የስፖርት መኪና ልብስ የለበሰች ቮልስ ናት። ቅርጿን የቱሪኑ ጊያ ነደፈው፤ አካሏን ደግሞ ኦስናብሩክ የሚገኘው ካርማን እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 ሠራው። ከኋላ የተቀመጠው በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ግን የአዲስ አበባ መካኒኮች ዓይናቸውን ጨፍነው የሚፈቱት የቮልስ ሞተር ነው። የእኔዋ የ1970 ሞዴል፣ ባለ 1600 ሲሲ ናት። ባለፈው ጥቅምት ወደ አዋሽ ስወርድ፣ አዳማን እንዳለፍኩ ጉልበቷ ደከመ፣ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ፣ ስቆም ደግሞ የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። አዲስ አበባ ስመለስ ግን ምንም እንዳልነበረባት ሆነች። ቮልስ ሲጠግኑ ያረጁ አንድ መካኒክ፣ «ውሃ የለው፤ ምኑ ይፈላል?» ብለው ወፍራም ዘይት እንድሞላ መከሩኝ። ሞላሁ፤ መብራቱ ጠፋ፣ ግለቱ ግን አልቀረም።

ከአሜሪካ ለምትመጣ የአክስቴ ልጅ የቴስታታ (የሲሊንደሮቹ የላይኛው ክዳን) ሙቀት መለኪያ እንድታመጣልኝ የላክሁባት ያን ጊዜ ነው። መሣሪያው ቤንዚኑን በብልጭታ ከሚለኩሰው ካንዴላ ሥር የሚገባ ቀለበት፣ ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራ ረጅም ሽቦና ዳሽቦርድ ላይ የሚታሰር ባለመርፌ ሰሌዳ ብቻ ነው። ባትሪ አይፈልግም፤ በቀለበቱና በሽቦው ሌላኛው ጫፍ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ራሱ መርፌውን የሚገፋ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። የዘይት ሙቀት መለኪያን ያልመረጥኩት ዘይት ዘግይቶ ስለሚሞቅ ነው፤ ቴስታታው ግን ዳገት ሲጀመር ወዲያው ይናገራል።

ቀለበቱን 3ኛው ሲሊንደር ላይ አሰርኩት። በዚህ ዘመን ሞተር ላይ ዘይት ማቀዝቀዣው የሚቆመው ፋኑ በሚነፋው አየር መንገድ ላይ፣ ከ3ኛው ሲሊንደር በላይ ስለሆነ፣ ለዚያ ሲሊንደር የሚደርሰው አየር ያነሰና ቀድሞ የሞቀ ነው። ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ከዚያ ቦታ ያነሳው በ1971 ሞዴል ነው። ነገሩን ለማረጋገጥ ቀለበቱን ለሁለት ሳምንት ወደ 1ኛው ሲሊንደር ባዛውረው፣ በዚያው መንገድ 20 ዲግሪ ዝቅ ብሎ አነበበ።

ከዚያ በኋላ በአንድ ፍጥነት፣ በ90 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ነገር ብቻ እየለወጥኩ ተመላለስኩ። መጀመሪያ ላይ መርፌው ከአዲስ አበባ እንደወጣሁ 180 ዲግሪ፣ አዋሽ አጠገብ 235 ያሳይ ነበር። የሞተሩን ክፍል ዙሪያ የሚዘጋው ጎማና አንድ ላሜራ ከቀድሞ ጥገና በኋላ ሳይመለሱ ቀርተው ስለነበር፣ ፋኑ ከሥር የሚወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስብ ነበር፤ ሁለቱም ሲገጠሙ አዋሽ ላይ 220 ሆነ። የማቀጣጠያው ጊዜ፣ ማለትም ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበት ቅጽበት፣ በሙሉ ዙር ሲለካ 37 ዲግሪ (ይህ የሞተሩ ዘንግ ማዕዘን ነው እንጂ ሙቀት አይደለም) ቀድሞ ተገኘ፤ ወደ 30 ስመልሰው ሙቀቱ ሌላ 10 ዲግሪ ወረደ። ፋኑን የሚያዞረው ቺንጋ ጤነኛ ነበር።

የቀረውን የቆላው ሙቀት ነው ብዬ ልተወው ነበር። ነገር ግን የውጭው አየር በ15 ዲግሪ ሲሞቅ ቴስታታው ከሞላ ጎደል በዚያው ልክ ይሞቃል እንጂ በእጥፍ አይሞቅም፤ እኔ ግን የማየው ልዩነት ከ30 በላይ ነበር። ስለዚህ አዋሽ ልደርስ ስል በሙሉ ፍጥነት እያለሁ ሞተሩን አጥፍቼ ቆምኩና ካንዴላውን ፈታሁ፤ አዲስ አበባ ላይ የቡና ቀለም የነበረው ሸክላው እንደ ኖራ ነጭ ነበር። ሞተሩ ቤንዚን ተርቧል ማለት ነው። ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ስከፍት ዋናው ጂግለር (ቤንዚኑን የሚመጥነው ባለቀዳዳ ብሎን) ከፋብሪካው ቁጥር ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ቤንዚን ለመቆጠብ ተብሎ የተቀየረ መሆን አለበት፤ ለአዲስ አበባም ልክ ነበር። ወደ 1,000 ሜትር ሲወረድ ግን አየሩ ይወፍራል፣ የጂግለሩ ቀዳዳ ግን ያው ነው፤ ድብልቁ ይሳሳል፣ ቃጠሎውም ይግላል። መደበኛውን ጂግለር ስመልስ አዋሽ ላይ 190 አነበብኩ።

መለኪያው ራሱ እንከን አላጣም። የሚለካው ልዩነትን ስለሆነ፣ የመኪናው ውስጥ በጋለ ቁጥር ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ 40 ዲግሪ በሆነ ሙቀት ውስጥ 15 ያህል እጨምርበታለሁ፤ ያን 235ም ዛሬ ሳስበው ያስደነግጠኛል። ሽቦው በልኩ የተሠራ በመሆኑ ሊቆረጥ አይችልም፤ ትርፉን ከኋላ መቀመጫ ሥር ጠቅልዬዋለሁ። የካንዴላው ጎማ ክዳን በሽቦው ምክንያት በደንብ ስላልገጠመ አየር ያፈስ ነበርና ሰንጥቄ ማስተካከል ነበረብኝ። ቀለበቱም ካንዴላ ሁለተኛ ጊዜ ስፈታ ተሰንጥቋል። ያም ሆኖ ሙቀቱን በግምት ለሚከታተል የድሮ ቮልስ ባለቤት ሁሉ ግዙ እላለሁ፤ ሁለት ቀለበት ግን ይዘዙ።

መደበኛው ጂግለር አዲስ አበባ ላይ ካንዴላዎቹን ያጠቁራል፣ ቤንዚንም ይበላል። ከካርቡራተሩ ውጭ ባለው ብሎን በኩል በአሥር ደቂቃ ስለሚወጣ፣ ትንሹን ከተማ ላይ እገጥመዋለሁ፤ ትልቁ ከብሎን መፍቻው ጋር ኪስ ውስጥ ተቀምጦ የሞጆን መንገድ ይጠብቃል።