ቀለበቱን አልቆርጥም ያሉኝ በያጅ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሰሌዳ ያልሰቀለ አንድ ብየዳ ቤት አለ። ባለቤቱን ለምን ብትሏቸው “የፈለገኝ ያገኘኛል” ይላሉ። እኔን የጠቆመኝ ጎሚስታ ነው። አሮጌ የወታደር ተሳቢ ያሳደስኩት እዚያ ነው፤ ሦስት ክረምት አለፈው። ዕቃ በተረከቡ ማግስት የሚጻፍ ሙገሳ ስለማላምን ነው እስካሁን ዝም ያልኩት።

ሥራዬ እንግዳ ማዞር ነው፤ ከባሕር ዳር ተነስቼ በአሮጌ ላንድክሩዘር። ድንኳኑም ጀሪካኑም ጣራ ላይ ሲቆለል መኪናዋ ጠመዝማዛ ላይ ትወዛወዝብኛለች። ተሳቢውን ያገኘሁት ዳንግላ አካባቢ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። የከብት ውሃ መጠጫ ሆኗል። ሰውየው የጨረታ ወረቀቱን አወጣና አሳየኝ። ጭቃውን ስፍቅለት ከፊቱ ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ብቅ አለች፤ ኤም 416 ትላለች። ለጂፕ ተብሎ የተሠራ የአሜሪካ የሩብ ቶን ተሳቢ ነው። በንጉሡ ጊዜ ጦሩ አብዛኛውን ዕቃ ከአሜሪካ ያገኝ ስለነበር፣ እኛ አገር መገኘቱ አልገረመኝም።

ባዶውን 260 ኪሎ ገደማ ነው። የተፈቀደለት ጭነት 227 ኪሎ። ያንሳል እንዳትሉ፤ ባለ 20 ሊትር አራት ጀሪካን ውሃ 80 ኪሎ ነው። ድንኳን፣ ፍራሽ፣ ከሰልና ስንቅ ቢጨመርም ቦታ ይተርፋል።

አሁን ወደ ብየዳ ቤቱ። የተሳቢው አንገት ጫፍ ላይ ወፍራም የብረት ቀለበት አለ። መኪናው ኋላ ላይ ያለ መንጠቆ ውስጥ ገብቶ ይቆለፋል። እኔ ደግሞ ዘመናዊ ነገር አማረኝ፤ አንገቱ ክብ የብረት ኳስ ላይ የሚገጠምበትን ዓይነት። “ጋሼ፣ ይሄን ይቁረጡልኝና የኳስ መሳቢያ ይግጠሙልኝ” አልኳቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ትንሽ አዩኝ።

“ጫካ ነው የምትሄድበት አስፋልት?”

“ጫካ።”

“እንግዲያው አልቆርጥም። ቀለበት መኪናህ ወዲህ ሲጋደም ተሳቢው ወዲያ ይጋደምልሃል። ኳስ አንገተ ደረቅ ነው፤ ልክ አለው። ከፈለግህ ሌላ ቤት ውሰደው፣ ልጄ።”

አልወሰድኩትም። ቀለበቱን በእጃቸው ይዘው አዞሩት፤ ዝጎ ነበርና እየተንቋቋ ዞረ። ፈትተው በነጭ ጋዝ አጠቡት፣ ግራሶ ሞሉት። መንጠቆውን ደግሞ ፓራውልቱ ላይ ሳይሆን ሻንሲው ላይ አሰሩት። ፓራውልት ላይ የሚያስሩ ሰዎች አሉ፤ አታሰሩ።

ወለሉ ተበልቶ ነበር። ከላይ ላሜራ ለጥፈው ይደፍኑታል ብዬ ስጠብቅ፣ ንጹሕ ብረት እስኪያገኙ ድረስ ቆርጠው ጣሉት። ባለ 2 ሚሊ ላሜራ ተካ። ባሌስትራው ተፈቶ ተጸዳ፣ ኩሽኔታው በአዲስ ተቀየረ። የድሮው ቀለም ሲፋቅ ረዳቶቹ አፋቸውን በጨርቅ ሸፍነው ነበር። ጨርቅ አይበቃም። የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል ከእናንተ ጋር ደህና ማስክ ይዛችሁ ሂዱላቸው። እኔ ያመጣሁላቸው ዘግይቼ ነው።

የከፈልኩት ለእጅ 14,000፣ ለላሜራና ለቀለም 9,500 ብር ነው። ይህ በ2014 ጥር ነው። ዛሬ በዚያ ብር ሁለት ጎማ ከተገኘ እሰየው።

ጉድለቱን ልናገር። የመጀመሪያው መብራት ነው። የወታደር ዕቃ በ24 ቮልት የሚሠራ ነው፤ የእኔ መኪና 12 ናት። ረዳቱ ገመዱን ቀጥሎ አምፖሉን ሳይቀይር ተወው። ለሙከራ ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስወርድ መሸብኝ። ተሳቢው የቆመበት ላይ የሚይዘው የእጅ ፍሬን እንጂ በጉዞ የሚሠራ ፍሬን የለውም፤ ቁልቁለት ላይ ከኋላ ሲገፋ ይሰማሃል። በከባድ ማርሽ ቀስ እያልኩ ስወርድ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ጎኔ ደርሶ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። “ወንድሜ፣ ከኋላ መብራት የለህም እኮ!” ወርጄ ሳየው አምፖሎቹ እንደ ጧፍ ጭል ጭል ይላሉ።

ሁለተኛው ይበልጥ አናደደኝ። ሚያዝያ ላይ በሮብ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ ተራራ ወጣን። ከገብሱና ከድንቹ ማሳ በላይ፣ ጅብራው መሀል ድንኳን ተከልን። ሌሊት ዝናብ ጣለ። ሸራው በአንድ በኩል ተገልጦ አደረ። የዚህ ተሳቢ ወለል የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አለው፤ መድፈኛውን መንቀል ብቻ ነው። ጎንበስ ብዬ ብዳስስ ቀዳዳው የለም። ረዳቱ በስቱኮ ደፍኖ ቀለም ቀብቶበታል! ፍራሹ ውሃ ጠጥቷል፣ በሶው እዚያው ተበጥብጧል። በጣሳ እየቀዳሁ ስደፋ አንድ እረኛ ልጅ ቆሞ ይስቃል። አልፈረድኩበትም።

በዚያው ጠዋት ግን ስንመለስ፣ የጎርፍ ቦይ ስሻገር የተሳቢው ግራ ጎማ ገደል ገባ። በመስታወት ሳየው ሊገለበጥ ምንም አልቀረውም፤ አንዱ ጎማ አየር ላይ ነው። መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ ቆማለች። ቀለበቱ መንጠቆው ውስጥ ዞሮ ነበር። ቀስ ብዬ ሳብኩት፣ ቋ አለና ወደ ቦታው ተመለሰ። ወርጄ አንገቱን ዳሰስኩት፤ ብየዳው ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ የለም።

ማርቆስ ስደርስ ስለ ቀዳዳው ለጋሼ ነገርኳቸው። ረዳቱን አንዴ አዩት፤ ልጁ መሬት መሬት ያያል። ስቱኮውን ራሳቸው ፈልፍለው አወጡ። ከዚያ ብሎን ከሚያጠራቅሙበት ጣሳ ውስጥ የድሮውን መድፈኛ ፈልገው መለሱልኝ። አልጣሉትም ነበር። አምፖሉንም ወደ 12 አስቀየሩልኝ፤ ገንዘብ አልተቀበሉኝም።

የቀለበቱ ቋቋታ አሁንም አለ። ባዶውን ስትጎትተው ጆሮ ይበላል፤ እንግዶች መጀመሪያ ይደነግጣሉ። መብራት ብቻ ከሆነ ጉዳያችሁ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ዘንድ ሂዱ። ለብረት ግን እዚህ ነው የምልካችሁ። ቀጠሮ ላይ ግን ጉድ ናቸው፤ ሁለት ሳምንት ያሉኝ ሰባት ሳምንት ፈጅቷል። አሁን የባሌስትራው ቡሽ ስላለቀ ልወስደው ነው። ሰኞ አምጣው ብለውኛል። ሐሙስ እሄዳለሁ።