ጠባብ ጀልባ ገዝተን ገባንበት፦ ከወራት ኑሮ በኋላ ምን እንላለን?

ፍርዱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ጀልባዋ ጥሩ ናት። ርካሽ ቤት ፍለጋ ከሆነ ግን አትግዟት። የለንደን ኪራይ ያንገሸገሻቸው የአገር ልጆች በየሰርጉና በየልቅሶው «የጀልባው ነገር እንዴት ነው? ያዋጣል?» እያሉ ያስቆሙናል። አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

ዕቃው እንግሊዞች ናሮውቦት የሚሉት ጠባብ የብረት ጀልባ ነው። የኛዋ 57 ጫማ ትረዝማለች፤ 17 ሜትር ከ40 ሳንቲ ገደማ መሆኑ ነው። ወርዷ ግን 2 ሜትር ከ8 ሳንቲ ብቻ ነው። ጥበቱ የፋሽን ጉዳይ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጄምስ ብሪንድሊ የተባለ መሐንዲስ የመካከለኛውን እንግሊዝ ካናሎች፣ ማለትም ለጀልባ የተቆፈሩ የውሃ መንገዶች፣ ሲያሠራ ሎኮቹን 7 ጫማ ገደማ ስፋት ሰጣቸው። እስከ ዛሬ ጠባብ ጀልባ ሁሉ በዚያ ልክ ይሠራል። ሎክ ማለት ሁለት ጫፉ በር የሆነ ገንዳ ነው። ውሃ ሲሞላ ጀልባዋን ወደ ላይ፣ ሲጎድል ወደ ታች ያደርሳታል። ርዝመቷን የመረጠው ባለቤቴ ነው። በሰሜን እንግሊዝ ካልደርና ሄብል የሚባለው መስመር ላይ ያሉት ሎኮች አጫጭር ስለሆኑ ከዚህ የረዘመ ጀልባ ብዙም አያስተናግዱም። እዚያ ደርሰን አናውቅም። ዕድሜውን ሙሉ የለንደን አውቶብስ የነዳ ሰው ግን «መንገድ ዝግ ነው» መባልን አይወድም።

አዲስ አይደለችም፤ ያገለገለች ናት። ከ60 ሺህ ፓውንድ ትንሽ ዝቅ ባለ ዋጋ ገዛናት። ከመክፈላችን በፊት ከውሃ አስወጥተን በመርማሪ አስመረመርናት። ይህን ወጪ እንዳትቆጥቡ። የዚህ ዓይነት ጀልባ አዲስ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሆዱ ብረት 10 ሚሊ ሜትር፣ ጎኑ 6፣ ጣሪያው 4 ይሆናል። ውሃው ዓመት ከዓመት እየበላ ያሳሳዋል። መርማሪው በድምፅ ሞገድ መሣሪያ ቦታ እየቀያየረ ውፍረቱን ይለካል። ጎኑ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ከወረደ ኢንሹራንሶች ፊታቸውን ያጠቁራሉ። የውስጡ ሶፋ ምን ያህል ያምራል የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ወሬ ነው።

«ኪራይ ቀረላችሁ» ለሚሉን መልሱ ይኸውና። የፈቃድ ክፍያ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ በየ4 ዓመቱ የሚታደስ የደኅንነት ሰርተፊኬት አለ። በየሁለት ሦስት ዓመቱ ከውሃ አውጥቶ ሆዷን ጥቁር መከላከያ ቀለም ማስቀባት አለ። ናፍጣው፣ ጋዙ፣ የድንጋይ ከሰሉ ሌላ ነው። ቋሚ ማቆሚያ ስላልተከራየን እኛ እንደ ተጓዥ ነው የምንቆጠረው። በ1995ቱ የካናል ሕግ መሠረት (ዓመቱንም ወሩንም የምቆጥረው በፈረንጅ ነው) ከ14 ቀን በላይ አንድ ቦታ መቆየት አንችልም። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ እንደኛ ቋሚ ቦታ የሌለው ሰው በፈቃዱ ላይ ጭማሪ ይከፍላል። ጭማሪው በ5 በመቶ ጀምሮ በየዓመቱ እያደገ 2028 ላይ 25 በመቶ እንዲደርስ ነው የተወሰነው። አድራሻ የሚባል ነገርም የለንም። የባንክ ደብዳቤም የሐኪም ቀጠሮም በልጃችን ቤት በኩል ነው የሚመጣው። ልጅ የሌለው ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብበት።

ስለ አነዳዱ ላውራ። መሪ የለም፣ ፍሬን የለም። ኋላ ቆመህ አንድ የብረት ዘንግ ትይዛለህ። ወደ ግራ ለመሄድ ዘንጉን ወደ ቀኝ ትገፋለህ። ለማቆም ሞተሩን ወደ ኋላ ታስነሳና ትጠብቃለህ። ጀልባዋም ደስ ባላት ጊዜ ትቆማለች። ባለቤቴ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጁ ያመፀበት ይመስለው ነበር። ከአውቶብስ የለመደው አቅጣጫ ሁሉ ተገልብጦበት ሁለት ጊዜ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባን። እኔ መኪና እንኳ ነድቼ ስለማላውቅ የምረሳው ነገር አልነበረኝም። በዚህ ምክንያት ዘንጉ የኔ ሆነ፣ ሎክ መክፈትና መዝጋት የሱ። ከባዱን በር በጀርባው እየገፋ ሳለ አላፊ አግዳሚው «ሚስትህ ነች የምትነዳው?» ይለዋል። የኛዎቹ ደግሞ ይብሳሉ።

ሎክ ውስጥ ስትወርዱ አንድ የማይቀለድበት ነገር አለ። ከላይኛው በር ሥር፣ ውሃው ሲሞላ የማይታይ የድንጋይ እርከን ይገኛል። እንግሊዞቹ «ሲል» ይሉታል። ውሃው እየጎደለ ሲሄድ የጀልባዋ ኋላ እሱ ላይ ከተሰቀለ፣ ፊቷ ብቻ ከውሃው ጋር ይወርድና ትዘነበላለች፤ ከዚያ መስመጥ ነው። እዚህ አገር በየዓመቱ በዚህ የሚሰምጡ ጀልባዎች አይጠፉም። ግድግዳው ላይ የተቀባ ነጭ መስመር አለ፤ ከሱ ወደ ፊት መቆየት ነው። በሞተር ድምፅ መሐል ጩኸት ስለማይሰማ እኔና ባለቤቴ በእጅ ምልክት ነው የምንግባባው። እጄን አናቴ ላይ ካደረግሁ ምንም ሳይጠይቅ የውሃውን መውጫ ይዘጋል። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ሳይጠይቅ የሠራልኝ ይህን ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ነጠላዬ የደረሰበትን ላውራ። ግራንድ ዩኒየን በሚባለው ዋና ካናል ወደ ሰሜን እየሄድን ነበር፤ ስቶክ ብሩርን የሚባለውን መንደር አልፈን ወደ ብሊስዎርዝ ዋሻ እየተቃረብን። ዋሻው በ1805 የተከፈተ ነው። ርዝመቱ 2 ኪሎ ሜትር ከ800 ይሆናል፤ በጎኑ የእግር መንገድ የለውም። ድሮ ሰዎች በጀርባቸው ተኝተው ግድግዳውን በእግራቸው እየረገጡ ነበር ጀልባውን የሚያሻግሩት። ጣሪያው ላይ ያሰጣሁት ነጠላ በነፋስ ተነሣና ኋላችን ውሃ ላይ አረፈ። ያን ሰዓት ተጣምመን ልንታጠፍ ወደ ኋላ እያስነሳሁ ነበር። ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባዋን የሚገፋው ፕሮፔለር ሳበው።

ሞተሩ መጀመሪያ ድምፁን አወፈረ፣ ቀጥሎ ጥቁር ጭስ ተፋ። ጀልባዋ ወይ ፍንክች። ሞተሩን አጠፋሁ፣ ባለቤቴም ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ከቆምንበት ወለል ሥር በቀጥታ ፕሮፔለሩ ላይ የሚከፈት ክዳን አለ። ብሎኖቹን ፈቶ በሆዱ ተኛና እጁን እስከ ትከሻው አስገባ። ወሩ መጋቢት ነው፤ ውሃው አጥንት ይሰብራል። እርጥብ ጥጥ ዘንግ ላይ ሲጠመጠም ሽቦ ነው የሚሆነው። መጀመሪያ የዳቦ ቢላ፣ ቀጥሎ መጋዝ ሰጠሁት። ድርና ማጉ እየተዘለዘለ ይወጣል፤ ዝልዝሉ ሁሉ ግሪስ ነው። በመጨረሻ አረንጓዴና ወርቃማው ጥለት ብቅ አለ።

«ይሄማ እናትሽ የሰጡሽ ነው» አለ።

«ቀስ ብለህ አውጣው እንግዲህ።»

«ምን ላድርግ? ከፕሮፔለሩ ጋር ልደራደርልሽ?»

ጥለቱ ከሞላ ጎደል ደህና ወጣ፤ ታጥቦ ተቀምጧል። እዚህ ላይ ለጀልባዋ ነጥብ እሰጣለሁ። ያ ክዳን ባይኖር ኖሮ ከውሃ ማስወጣት ወይም ጠላቂ መጥራት ነበር። ክዳኑ ግን በደንብ ካልታሰረ ሞተሩ ሲነሣ ውሃ ወደ ውስጥ እየረጨ ጀልባ ያሰምጣል። ባለቤቴ አጥብቆ አስሮ፣ ሞተሩን አስነሥቶ፣ በባትሪ መብራት አይቶ፣ እንደገና አየ። ዋሻው ውስጥ ሆኖ ቢሆንስ የሚለውን እስከ ማታ ሁለታችንም አላነሣነውም።

ሌላው ጉድ ሌሊት የደረሰብን ነው። ባልተገነባ ዳር ስንቆም ረጃጅም ብረቶች መሬት ላይ ቸክለን ነው ገመዱን የምናስረው። ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ዘንቦ አፈሩ ጭቃ ሆኗል። አመሻሽ ላይ አንድ ጀልባ እየከነፈ አለፈ። ካናል ላይ መክነፍ ማለት ከሕጉ ጣሪያ ከ6 ኪሎ ሜትር ከ400 በሰዓት ትንሽ መብለጥ ነው፤ የቆመ ጀልባ አጠገብ ደግሞ ከዚያም በጣም መቀነስ ነው ወጉ። የሚስበው ውሃ የቆመውን ጀልባ ይጎትታል። ችካሎቻችን ላልተው ኖሮ ሌሊት ተነቀሉ። ጎሕ ሲቀድ ሻይ ላፈላ መጋረጃውን ስገልጥ፣ ዳር መሆን የነበረበት ሳር ወዲያ ማዶ ነው። ካናሉን አግድም ዘግተን ተኝተናል። አንዲት ዳክዬ ብቻ ነበረች የምታየን። ከዚያ ወዲህ የብረት ዳር ባለበት በሰንሰለትና በመንጠቆ እናስራለን፤ ጭቃ ላይ ከሆንን ሁለት ሁለት ችካል አጣምረን በሰያፍ እንመታለን።

ወደ ማእድ ቤት እንግባ። ለሐበሻ ትልቁ ጥያቄ እንጀራ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን 1500 ዋት ይስባል። ይህንን ከ12 ቮልት ባትሪ ለማውጣት ከ125 አምፔር በላይ ያስፈልጋል። ያሉን እያንዳንዳቸው 110 አምፔር ሰዓት የሚይዙ አራት የሊድ ባትሪዎች ናቸው፤ እነሱንም ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜያቸውን ያሳጥራል። ሌማቱ ሳይሞላ መብራቱ መፍዘዝ ይጀምራል። ስለዚህ ምጣዱን ለልጃችን ሰጠናት። እኔ በጋዝ ላይ፣ በማይጣበቅ ሰፊ መጥበሻ ትንንሽ እጋግራለሁ። ሊጡ በብርድ ወራት አልቦካ ሲለኝ ምድጃው አጠገብ አሳድረዋለሁ። ለበዓል ግን ተገዝቶ ይመጣል። ግራንድ ዩኒየን ከለንደን ወደ ሰሜን ከባቡሩ መስመር ጋር ጎን ለጎን ነው የሚሄደው። በርክሃምስተድ ላይ ስንቆም ባቡር ጣቢያው እደጃችን ነው፤ እዚያ ተሳፍሮ ለንደን ዩስተን ጣቢያ መውረድ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ዕድርም በዚያ መንገድ ነው የማይቀርብን።

ወጡ ራሱን የቻለ ችግር ነው። ሽንኩርት እስኪቁላላ ያለው እንፋሎት የብረቱን ግድግዳና ድርብ ያልሆነውን የመስኮት መስታወት ላብ በላብ ያደርገዋል። ፍራሻችን ሥር ሻጋታ አየን። ከሥሩ አየር የሚያሳልፍ ንጣፍ አስገባን፣ ጣሪያው ላይ ያሉትን የአየር መውጫዎችም በብርድ ሳይቀር አንዘጋቸውም።

የአየር መውጫ ካነሣሁ ስለ ቡናውም ላውራ። ይህን ክፍል ካነበባችሁ ሌላውን ብትዘሉትም አልቀየምም። የቡና ከሰል ጀልባ ውስጥ አይገባም። ፍም ቢሆን፣ አመድ ቢለብስ፣ የጠፋ ቢመስል፣ አይገባም። አንድ እሑድ ዳሩ ላይ ቡና አፍልተን እየጠጣን ዝናብ መጣ። እንግዳችን የነበሩ አንዲት እትዬ፣ ለኔ አዝነው፣ አመድ የለበሰውን ምድጃ አንሥተው ወደ ውስጥ ይዘውት ገቡ። ብዙም ሳይቆይ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያው ጮኸ። «ዕጣኑ ነው እንዴ?» አሉ። ዕጣኑ አልነበረም። ጋዙ ሽታ የለው፣ መልክ የለው፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሳይታወቅ ይገድላል። ሁላችንም ዝናቡ ላይ ወጣን፣ በርና መስኮቱን በረገድን። ይህ ማንቂያ ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ በደኅንነት ሰርተፊኬቱ ግዴታ ነው። እኛ አሁን ሁለት አለን፤ አንዱ መኝታችን ራስጌ ነው። ቡናው በዝናብ ጊዜ በጋዝ ይፈላል፤ ሥርዓቱ ቢጎድል ይጉደል።

ቅዝቃዜውን ሰው እንደሚያወራው አላገኘሁትም። ጭስ አልባ የድንጋይ ከሰል የምትበላ፣ ጭስ ማውጫዋ ወደ ውጭ የሆነ አንዲት ትንሽ ምድጃ ቤቱን በሙሉ ታሞቃለች፤ አንዳንዴም በር ታስከፍታለች። 25 ኪሎ ከረጢት አራት አምስት ቀን ይዞን ይሄዳል። የሚያስመርረው ኤሌክትሪኩ ነው። የጣሪያው የፀሐይ ሰሌዳ በበጋ እስኪተርፍ ይሰጣል፤ ታኅሣሥ ላይ የለም በሉት። ያኔ ባትሪ ለመሙላት ብቻ ሞተር ማስነሣት ነው። ሰው አጠገብ ከቆማችሁ ደግሞ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሞተር አይነሣም። ባለ 38 ፈረስ ጉልበቱ ሞተር ራሱ አንድም ቀን አላስቸገረንም።

ሽንት ቤቱን በአጭሩ፦ 20 ሊትር ገደማ የሚይዝ ተንቀሳቃሽ ሣጥን ነው። ለሁለት ሰው ሁለት ሦስት ቀን ቢሄድ ነው። ተሸክሞ የሚደፋው ባለቤቴ ነው። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

እንደገና የምገዛ ብሆን ርዝመቷን አልነካም፣ ሞተሯንም አልለውጥም። የምለውጠው ኋላዋን ነው። የኛዋ ክሩዘር የሚሉት ሰፊና ክፍት ኋላ አላት። በፀሐይ ቀን ሁለታችንም ከነእንግዳችን ጎን ለጎን ቆመን እናወራለን። ሲዘንብ ግን ዘንጉን የያዘው ሰው ከእግር እስከ ራሱ ይበሰብሳል፤ ያ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ። ውሃውም በወለሉ ክፍተት ወደ ሞተሩ ክፍል እየወረደ ፓምፑን ሥራ ያበዛበታል። ጎኗ በብረት የተከለለ ሰሚ ትራድ የሚሉት ዓይነት ይሻለኝ ነበር። ባለቤቴ አይስማማም፤ ወለሉን አንሥቶ ሞተሩን እንደልቡ ቆሞ መጠገኑን ወዶታል። መስከረም ላይ ቀለም ልትቀባ ከውሃ ስለምትወጣ፣ በዚያው ኋላዋ ላይ የሚታጠፍ ሸራ ለማሠራት ዋጋ እያጠያየቅን ነው።