አመድማ ሰማያዊ ሳሎን፤ ከጥቅምት እስከ ሐምሌ

ጥቅምት ላይ የሳሎኔን ግድግዳ አመድማ ሰማያዊ ሳስቀባ እናቴ በሩ ላይ ቆማ "ምነው ልጄ፣ ክሬሙ ምን አደረገሽ? ቤቱን አመድ አለበስሽው እኮ" ብላኝ ነበር። 9 ወር ኖሬበታለሁ። አልተጸጸትኩም፤ እሷም ግን ጨርሳ አልተሳሳተችም።

ቤቴ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የሳሎኑ መስኮት ወደ ደቡብ ያያል። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ከረፋድ ጀምሮ ሶፋው ድረስ ትገባለች። ያኔ ግድግዳው ለስላሳ ሰማያዊ ነው፤ ግራጫው ከናካቴው አይታይም። ሰኔ ሲገባ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ዞረች፣ ደመናውም ተጨመረበት፣ ግራጫው ብቻ ቀረ። አሁን በሐምሌ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መብራት አበራለሁ። ናሙናውን በጥቅምት ፀሐይ ብቻ አይቼ መወሰኔ የራሴ ጥፋት ነው።

አምፖሉም አንድ ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። 6500 ኬልቪን የሚለው ነጩ ሳሎኑን ክሊኒክ አስመሰለው። 3000 የሚለውን ቢጫ ስገዛ ቤቱ ሞቀ፣ ግድግዳው ግን ወደ አረንጓዴ አደላ። 4000 ላይ ታረቅን።

ቀቢው ስቱኮውን በብርጭቆ ወረቀት ጥሩ አድርጎ ፈግፍጎ ሁለት እጅ ቀብቷል፤ እጁን አላማውም። ቀለሙን ግን እዚያው ባልዲ ውስጥ፣ ነጭ ላይ ሰማያዊና ጥቁር ጠብ እያደረገ ነበር የበጠበጠው። ሁለት ጋሎን ይበቃል ተብሎ ከሶፋው ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ አለቀ። ለሦስተኛው ጋሎን ጥቁሯ በዛች። እንግዳ ልብ አይለውም፤ እኔ ግን ቡና በጠጣሁ ቁጥር ዓይኔ እዚያ መስመር ላይ ያርፋል። የምታስቀቡ ሰዎች ሁሉንም በአንድ ትልቅ ዕቃ አስበጥብጡ፣ ለጭረት መሸፈኛም ትንሽ አስተርፉ።

ጭረት ስል፣ የወንበር ጀርባ የነካው ቦታ ሁሉ ከስር ያለው ነጭ ስቱኮ ፈጦ ይታያል። ክሬም ይህን ይሸፍን ነበር። በሌላ በኩል ረከቦቱ የሚቀመጥበት ጥግ ድሮ በዕጣንና በከሰል ጭስ ይወይብ ነበር፤ እስካሁን ምንም አላየሁበትም።

ያልጠበቅኩት የልጄ እጅ ነው። የመረጥኩት የማያብለጨልጨውን ዓይነት ስለሆነ የወጥ አሻራውን በእርጥብ ስፖንጅ ስፈትግ ቆሻሻው ለቀቀ፣ በቦታው ግን የሚያብረቀርቅ ክብ ቀረ። ከጎን ሲያዩት ከአሻራው ይብሳል። ልጅ ያለው ሰው የሚታጠበውን፣ በመጠኑ የሚያብለጨልጨውን ይግዛ።

መሶቡ ግን! ቀዩና ብርቱካኑ ስፌት በክሬሙ ግድግዳ ላይ መኖሩም አይታወቅም ነበር። አሁን የገባ ሰው ሁሉ ከየት አመጣሽው ይለኛል፤ 12 ዓመት እዚያው ነበር።

ለመስቀል መኝታ ቤቱን አስቀባለሁ። መስኮቱ ወደ ሰሜን ስለሆነ በበጋ ፀሐይ አያገኝም፣ በክረምት ደግሞ ደመናው አለ። ክሬም ይሆናል። እናቴ እስካሁን አልሰማችም።